ጥጡና ጣባው

ከሦስት ተራራ ወዲያ አንድ አገር አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ "አሃ፣ እዚያ ነው እንዴ፤ እኛማ ደኅና ነን" ብላችሁ ጀርባችሁን ትሰጡኛላችሁ። በዚያ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት በሹመት ኖሬያለሁ። ሹመቴ ውሃ ማየት ነበር። አትሳቁ። ከውሃ ተመልካች በላይ የሚከበር ሰው ቢኖር አለቃችን ሊቀ ጣባው ብቻ ነበሩ። በገበያ መካከል ሳልፍ ሴቶች እንስራቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር፣ ዓይኔ አርፎበት "ተነቃነቀ" እንዳልል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አሥራ ሁለቱን የአገር ሕግ በቃሉ ይዞ ወደ ድንጋዩ አዳራሽ ይመጣል። በመካከል ባለች ዝቅተኛ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እስከ አፉ ውሃ የሞላ የሸክላ ጣባ በሁለት መዳፉ ላይ ይደረግለታል። ጣባውን በደረቱ ትክክል ይዞ ሕጉን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት በቃሉ ይወጣዋል። ሲጀምር በመጀመሪያው መስኮት የነበረችው ፀሐይ ሲጨርስ ሦስተኛው መስኮት ላይ ትደርሳለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ጠብታ ካልወረደች ልጁ ተምሯል። ከወረደች አልተማረም። ሌላ ፈተና የለም።

ዕድሉ ሦስት ነው፣ በየዓመቱ አንድ። በሦስተኛው ያፈሰሰ ልጅ ስሙ ከመዝገብ ተሰርዞ አፍሳሽ ይባላል። አፍሳሽ ርስት አይወርስም፣ ሸንጎ አይቆምም፣ ምስክርነቱ አይቆጠርም። ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወንዝ ዳር ይሰፍራል፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው ደግሞ ወደዚያ እንዲወርድ አይፈቀድለትም። አፍሳሽ ዕድሜ ልኩን የአዳራሹን ጣባዎች ያጥባል፣ ይሞላል፣ ይሸከማል። አፈሰሰ ተብሎ የተባረረው እሱ፣ ጢም ያለውን ጣባ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ ከወንዝ እስከ አዳራሽ የሚያመጣውም እሱ። ይህ ነገር እንግዳ ነው ያለ ሰው በዘመኔ አላጋጠመኝም። እኔም አላልኩም።

የእኔ ሥራ በልጁ ፊት ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ከጣባው አፍ ትክክል አድርጌ፣ ውሃውን ማየት ነው። የልጁ ድምፅ ዓይኔን እንዳያዘናጋው ጆሮዎቼ በጥጥ ይደፈናሉ። ለዚህ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን አለን፣ የጥጥ ሹም ይባላል። ከኋላችን ቆሞ ያስላል፤ ሳሉን ሰምቶ ዘወር ያለ ተመልካች ጥጥ ይጨመርበታል። ሌሎቹ ሹማምንት ጥጥ አያሻቸውም። የሚቀመጡት ከድንጋዩ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ነው፤ ደግሞም እርስ በርሳቸው ያወራሉ።

"ታዲያ ልጁ ሕጉን በትክክል መናገሩን ማን ይሰማል?" ብዬ በወጣትነቴ ጠይቄ ነበር። ሊቀ ጣባ ድልነሳሁ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው "እጁ ያልተሳሳተ አፉ እንዴት ይሳሳታል?" አሉኝ። መልሱ ጥልቅ መስሎኝ ለሚስቴ ነገርኳት። እሷ ወጧን ማማሰሏን ቀጠለች።

አንድ ድንጋጌ ልጨምርላችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። የተሾመ ሰው ጣባ አይነካም። ነካ ማለት ነቀነቀ ማለት ነው ተብሎ ተጽፏል። አርባዎቹን ጣባዎች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያሠራቻቸው አገሩን ያቀናችው ንግሥት ናት። ከዚያ ወዲህ ከአፍሳሾች በቀር በእጁ ገልብጦ ያያቸው ሰው አልነበረም።

እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ። አለኝ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ምላሴ በአዳራሹ ቋንቋ ለምዶ ነው። አንዳርጌ ይባላል። አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነበር፤ ነገር ሲገባው እጁ አብሮ ይናገራል፣ እግሩ መሬቱን ይደበድባል። ሦስተኛውን ፈተና ያየሁለት እኔ ነኝ። ሕጉ አባት የልጁን ውሃ እንዳያይ አይከለክልም፤ እንዲያውም "የበለጠ ይታመናል" ይላል። በግራ አውራ ጣቱ በኩል አንዲት ጠብታ ወረደች። እኔም "ፈሰሰ" አልኩ፣ ሦስት ጊዜ። ተመልካች ሦስት ጊዜ ያለው ነገር ይግባኝ የለውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባል የለ። በማግስቱ አንዳርጌ ወንዝ ወረደ፤ እናቱም ዓመት ሳትቆይ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ልጄን የማየው በዓመት አንድ ቀን፣ ጣባ ይዞ ወደ አዳራሽ ሲገባ ብቻ ሆነ። ጣባውን በተፈታኙ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጥ ፊቱን ወደ እኔ መለስ ያደርግና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጆሮዬ ጥጥ ነው፣ አልሰማም። ሰላም እያለኝ ነው ብዬ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሰላም ስንባባል ኖርን። ዓመቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ቀን ነበር ብል አልዋሸሁም።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ሊቀ ጣባው አስጠሩኝ።

"በከተማው ዳር፣ በአሮጌው የበቅሎ ቤት፣ አንዲት ሴት ሁለት ሁለት ጊዜ ያፈሰሱ ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጆቹ አይቀመጡም አሉ።"

"ምን ያደርጋሉ ታዲያ?"

"ይሄዳሉ። እየሄዱ ይማራሉ።" ውሃ ጠየቁና ተጎነጩ። "ሸንጎው ወስኗል። አሥራ አንድ ናቸው። በዕድሜ የምትበልጠዋ ትፈተን። ካላፈሰሰች ቤቱ ይቁም። ካፈሰሰች አሥራ አንዱም ወንዝ ይውረዱ፣ ቤቱም ለበቅሎዎቹ ይመለስ።"

"በቅሎዎቹ እኮ ሞተዋል፣ ጌታዬ።"

"ቢሞቱም ቤቱ የእነሱ ነው። እርስዎ ሄደው አንድ ወር ይመልከቱልኝ። ፈተና ስላልሆነ ጥጥ አያስፈልግዎትም።"

ሄድኩ። ከበሩ ገና ስገባ ክው ብዬ ቀረሁ። የበቅሎ ቤቱን ጋጣዎች አፍርሰው ሜዳ አድርገውታል። አንዱ ልጅ በሆዱ ተኝቶ ይጽፋል። ሁለቱ ኳስ እየተወራወሩ አራተኛውን ሕግ ይከራከራሉ፤ ኳስ የያዘ ብቻ ነው የሚናገረው። አንዷ ልጅ ቃል አይወጣትም፣ ግድግዳውን በከሰል ሞልታዋለች። መንበሩ የሚባል ረጅም ልጅ ፊደል ሲያይ እንደ ጉንዳን ይሄድበታል አሉኝ፤ እሱ ደግሞ ስለ ውሃ ድርሻ የሚናገረውን አምስተኛውን ሕግ በጓሮ ቦይ እየቆፈረ ነው የተማረው። የላይኛው ባለ መሬት ስንት ቀን፣ የታችኛው ስንት ቀን እንደሚያጠጣ ሊያሳየኝ ጠራኝና ከነካባዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ሁሉም ሳቁ። በዘመኔ በፊቴ የሳቀ ልጅ አይቼ አላውቅም ነበር።

አስተማሪዋ እመት ዝማም ትባላለች። ወጥታ ጭቃውን ከካባዬ እያራገፈች "አያስታውሱኝም እንዴ፣ ጋሼ ይርዳው?" አለችኝ።

አስታወስኳት። ከሃያ ዓመት በፊት ውሃዋን ያየሁላት ልጅ ናት። ውሃው መስታወት መስሎ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ለአዳዲስ ተመልካቾች ምሳሌ አድርጌ እጠቅሳት ነበር።

"እንደ አንቺ ያለፈ የለም" አልኳት። "አሁን ምን ነክቶሽ ነው እነዚህን የምታሯሩጪው?"

"ያለፍኩ ዕለት ምን ሆነ መሰለዎት" አለች። "ጎረቤታችን እያለቀሰች መጣችና 'ወሰኔን ገፉብኝ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ሕጉ ምን ይላል?' አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሦስተኛው ሕግ ስለ ወሰን መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠዋት እኮ ብዬዋለሁ፣ ጋሼ፣ ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው። አንዱንም አልሰማሁትም። የምሰማው ውሃውን ነበር።"

ተቆጣሁ። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ያልገባኝ ነገር ሁሉ ያስቆጣኛል። "ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ጣባ መያዝ መቼ ነው የምታስተምሪያቸው? በአሥራ አንድ ልጅ ዕድሜ ትቀልጃለሽ?"

"መያዝማ ግድግዳም ይይዛል" አለችና ወደ ልጆቿ ሄደች።

የምትፈተነው ትርንጎ ነበረች፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። በአዳራሽ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ በሁለቱም ሁለተኛው ሕግ ላይ ሳትደርስ ጉልበቷ ረጥቦ ነበር። ይህች ልጅ በበቅሎ ቤቱ ዙሪያ ከጠዋት ጀምራ ትዞራለች፤ እየዞረች ቃጫ ትገምዳለች፤ እየገመደች ሕጉን ትላለች። ለእያንዳንዱ ሕግ አንድ ቋጠሮ አላት። ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰስ ስታደርግ ሕጉን ትነግርሃለች፤ ከዚያ ለምን እንደተደነገገ፣ ለማን እንደሚበጅ፣ ማን እንደሚጥሰው ትነግርሃለች። እኔ ሕጉን የሰማሁት የዚያን ጊዜ ነው። ሹም ሆኜ፣ ሽበት አውጥቼ፣ የአገሬን ሕግ ከአንዲት ዟሪ ልጅ ሰማሁት። ቀኑን ሙሉ እከተላት ጀመር፤ እግሬ አበጠ።

አንድ ቀን ቆም አለች። ስትቆም አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

"ጋሼ ይርዳው፣ ሰባተኛው ሕግ ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ?"

"ስምንተኛውን ይላሉ።"

"ሰባተኛው እኮ 'የተጠማን ሰው ሳታጠጣ አትጠይቀው' ነው የሚለው።"

"አዎ፤ ከዚያ ስምንተኛው ይቀጥላል።"

ቋጠሮውን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች። "አዳራሹ ይሞቃል፣ አይደል?" አለችኝ።

"እንደ ምድጃ ነው። የሁሉም ከንፈር ይሰነጠቃል።"

"እሺ" አለችና መዞር ጀመረች። እኔም አልገባኝም፤ እግሬን አስቤ ቁጭ አልኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አሥሩ ልጆች ከእመት ዝማም ጋር ከአዳራሹ በር ውጭ ቆሙ፤ ወላጆቻቸው በስተኋላ ስንቅና ቡትቶ ይዘው መጥተዋል፣ ልጆቹ ከዚያው ወደ ወንዝ የሚወርዱ መስሏቸው። አንዲት እናት ለመንበሩ የሹራብ ካልሲ ሠርታ ይዛለች፣ ወንዝ ዳር ይበርዳል ብላ። ይህን አይቼ ነው የገባሁት።

የጥጥ ሹሙ ጆሮዬን ጠቀጠቀ። ትርንጎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አንዳርጌ ጣባውን አምጥቶ በመዳፎቿ ላይ አስቀመጠ፤ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ራሴን ነቀነቅሁለት። ጢሙ ላይ ሁለት ነጭ ፀጉር አየሁ። ከዚያ ተንበርክኬ ዓይኔን ከውሃው ትክክል አደረግሁ።

ጀመረች። ስለማልሰማ ሕጉን የምቆጥረው በፀሐይዋ አካሄድ ነው፤ አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ውሃው ይርገበገባል። ጉልበቷ ከሥር እንደ ወንፊት ይነቃነቃል። አራተኛው ላይ ውሃው በጣባው አፍ ዙሪያ አበጠ፤ ትንሽ ቢገፋ ይወርዳል። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ትንፋሼ እንዳይነካው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲፈስ ወይም እንዳይፈስ ተመኝቼ አላውቅም፤ ተመልካች አይመኝም። ያን ቀን ግን "አትውረጅ፣ እባክሽ አትውረጅ" እያልኩ ጠብታዋን ለመንኳት። አምስተኛው አለፈ። ስድስተኛው አለፈ። ፀሐይዋ ከመስኮት መስኮት ስትሻገር የልጅቱ ከንፈር ሲደርቅ ይታየኛል።

ከዚያ ውሃው ከዓይኔ ጠፋ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መጀመሪያ ዓይኔ የጠፋ ነው የመሰለኝ። ውሃ በነበረበት ቦታ ሸክላ ሆነ። ቀና ስል ጣባው በአፏ ላይ ነው። ትርንጎ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትጠጣለች። ጉሮሮዋ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሠላሳ እርምጃ ርቀው ያወሩ የነበሩት ሹማምንት አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል። የወረደ ጠብታ የሚመዘግበው ጸሐፊ ብዕሩ ከእጁ ወድቋል። እኔ ግን ወደ እነሱ ብዙ አላየሁም፤ የጣባው ሥር ከዓይኔ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር፣ ሸክላው ገና እርጥብ ሳለ በጣት የተጻፈ ጽሑፍም ነበረበት።

"ልጄ፣ ሲጠማህ ጠጣ። ሕጉ የትም አይሄድም።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ከሥሩ የንግሥቲቱ ማኅተም አለ፣ አዳራሹ በር ላይ የተቀረጸው ያው ማኅተም። ጣባው ለፈተና አልነበረም። ለልጁ ነበር። ሕግ የሚወጣ ልጅ ጉሮሮው እንዳይደርቅ፣ አንዲት ንግሥት አስባ ውሃ አስቀምጣለት ነበር። እኛ በዚያ ውሃ ሁለት መቶ ዓመት ልጅ አባረርንበት።

ጥጡን ከጆሮዬ አወጣሁ። የጥጥ ሹሙ ከኋላዬ ጮኸ፤ ሰማሁት። መጀመሪያ የሰማሁት ግን የትርንጎን ድምፅ ነው። ጣባውን ባዶውን በመዳፏ መልሳ ስምንተኛውን ሕግ እያለች ነበር። ተነሥታ በድንጋዩ ዙሪያ እየዞረች እስከ አሥራ ሁለተኛው ጨረሰችው፤ አንድ ቃል አልሳተችም። በዚያ አዳራሽ ሕጉን የሰማ የመጀመሪያው ተመልካች እኔ ነኝ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሊቀ ጣባው ካባቸውን እየጎተቱ ሠላሳውን እርምጃ መጡ።

"ውሃው የት አለ?"

"ጠጣሁት" አለች ትርንጎ።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ሰባተኛው ሕግ።"

ሊቀ ጣባው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "ሰባተኛው ምን ይላል?" ጸሐፊው ወደ ጥጥ ሹሙ አየ፤ የጥጥ ሹሙ ወደ ጣሪያው አየ። ሦስቱም ያለፉ ናቸው፤ ከአንዳቸውም አንዲት ጠብታ አልወረደም።

"ተመልካች!" አሉኝ በመጨረሻ። "ፈሷል ወይስ አልፈሰሰም?"

ድንጋዩን አየሁ፣ ደረቅ ነው። ጉልበቷን አየሁ፣ ደረቅ ነው። "አልፈሰሰም" አልኩ። "አልፈሰሰም። አልፈሰሰም።" ሦስት ጊዜ። ይግባኝ የለውም። ከውጭ እልልታ ሰማሁ፤ ለካ በሩ ላይ ሰው ያዳምጥ ኖሯል። ጥጥ የነበረው በእኛ ጆሮ ብቻ ነው።

ቀጥዬ "ጌታዬ፣ ከሥሩ ተጽፏል" አልኳቸው።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ማረጋገጥ አለባቸው፣ ጣባ መንካት ደግሞ አይፈቀድላቸውም። አፍሳሾቹን ጠይቀው እንዳይረዱ የአፍሳሽ ምስክርነት አይቆጠርም፤ "ያልተማረ ሰው ያነበበው አልተነበበም" የሚል አንቀጽ አላቸው። ተመካክረው አንድ ዘዴ አገኙ። አርባ አፍሳሾች አርባውን ጣባ ባዶውን ከፍ አድርገው በሰልፍ ቆሙ፤ ሊቀ ጣባውና ሹማምንቱ ከነካባቸው ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ በተረከዛቸው እየተገፉ፣ ከጣባ ሥር ወደ ጣባ ሥር እየተሳቡ አነበቡ። አርባውም ላይ ያው ነው። ሊቀ ጣባው አርባኛው ሥር ሲደርሱ አልተነሡም። ተንጋለው ብዙ ቆዩ። አልቅሰው ይሆን ብዬ ጠጋ ብል፣ "ከወለሉ ላይ እኮ ነፋስ ይገባል፣ ያማል" እያሉ ነበር።

ሸንጎው ሰባት ቀን ተቀመጠ። በስምንተኛው ቀን አዋጅ ነጋሪ ወጣ። "ትርንጎ ተምራለች፤ የበቅሎ ቤቱ ይቁም። የተገኘው ጽሑፍ የንግሥታችን ቃል ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ተፈታኝ ሁሉ ሰባተኛው ሕግ ላይ ሲደርስ ጣባውን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣ። አገጩ የረጠበ ይውደቅ። የውሃ ተመልካች የነበረ ሁሉ የአገጭ ተመልካች ይባል።"

ይህን ስሰማ እመት ዝማም አጠገቤ ቆማ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አለች፣ ራሷን ይዛ። የመጠጥ ትምህርት እንድታስተምር የሚያዝ ደብዳቤም በማግስቱ ደረሳት። ደብዳቤውን ለዚያች ቃል ለማይወጣት ልጅ ሰጠቻት፣ በጀርባው ላይ እንድትስልበት። ትርንጎንም ለአዳራሽ ሹመት ጠሯት፣ እምቢ ብላ ወደ በቅሎ ቤቱ ተመለሰች፤ ዛሬም እየዞረች ታስተምራለች። ሃያ ስድስት ልጆች ይከተሏታል።

የእኔም ጉዳይ አልቀረም። ፈተና ሳያልቅ ጥጥ ያወጣ ተመልካች ከአፍሳሽ ይቆጠራል ተባለና ስሜ ከመዝገብ ወጣ። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ ምስክርነቱ የማይቆጠር ሰው ነኝ። ተረት ነው ብላችሁ ስሙት፤ ተረቴን መልሱ፣ አፌን አብሱ አልላችሁም። ይችን የመጨረሻዋን ግን ያዙልኝ።

ስሜ በተሰረዘ ጠዋት ወንዝ ወረድኩ። ከተባረርኩት ይልቅ ልጄን ላነጋግረው መሆኑ ነበር ልቤን የሚመታው። ጥሩ ወሬም ይዣለሁ ብዬ ነበር። አንዳርጌ እጅጌውን ሰብስቦ በድንጋይ ላይ ጣባ ያጥባል። ከአጠገቡ አራት አምስት ሕፃናት፣ እዚያው ወንዝ ዳር የተወለዱ፣ አንድ የተገለበጠ ጣባ ከበው በጣታቸው እያመለከቱ "ል፣ ጄ" ይላሉ። ፊደል ሲቆጥሩ ነው።

ቆሜ ቀረሁ። "ይህን ጽሑፍ ታውቀዋለህ?" አልኩት።

"ማጠብ የጀመርኩ ቀን ነው ያየሁት" አለ። "እዚህ የማያውቀው የለም፣ አባዬ። ከእኔ በፊት የነበሩትም፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም ያውቁታል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ንዴት መጣብኝ፣ እንደ ልማዴ። "ታዲያ እኔ አባትህ፣ ተመልካቹ፣ እዚያ ተንበርክኬ እያለሁ ለምን አልነገርከኝም?"

ጣባውን አስቀመጠና አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ነግሬሃለሁ እኮ። በየዓመቱ፣ ጣባውን ሳስቀምጥ፣ 'አባዬ፣ ከሥሩ አንብብ' እልሃለሁ። አንተም ራስህን ትነቀንቅልኛለህ።" እጁን በጉልበቱ ላይ ጠረገ። "እሺ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ይናገራል፣ ዘንድሮ ይናገራል እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ጠበቅሁህ። ኋላ ኋላ አባቴ እያወቀ ነው አልኩ።"

አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥጥ ነበረብኝ ልለው ፈለግሁ፣ አፌ ግን ደርቆ ነበር። አንዳርጌ ያጠበውን ጣባ ከወንዙ ሞላና በሁለት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ውሃው በደረቴ፣ በጉልበቴ፣ በእግሬ ላይ ወረደ። ሕፃናቱም እሱም ያዩኛል። ማንም "ፈሰሰ" አላለኝም።

"ጠጣ፣ አባዬ" አለኝ።